የማንን ማሳ ነው የምናርመው?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ እኔ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። ዕድሜው ዐሥራ ስድስት ነው። ዝናቡ አላስወጣ ሲለው ቀኑን ሙሉ ሶፋው ጥግ ተጣጥፎ ስልኩ ላይ እንዳፈጠጠ ይውላል። የሚጫወተው በየአገሩ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚገቡበት፣ ዘንዶና ንጉሥ፣ ገበያና ጦር ሜዳ የሞላበት አንድ የኢንተርኔት ጨዋታ ነው። ስሙን አልጠራውም፤ ነጻ ማስታወቂያ ይሆንለታል። በነጻ የሚሠራለት ደግሞ፣ ወደ ኋላ እንደምታዩት፣ ሞልቶታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቡናው እየተፈላ ሳለ፣ "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ዐረፍተ ነገር አንብባት" ብሎ ስልኩን አቀበለኝ። አነበብኩ። አንድ ሽበታም አስማተኛ በእንግሊዝኛ ረጅም ምክር ይለግሳል። ከምክሩ መካከል ባለቤቱና ግሡ ተጣልተዋል፤ ባለቤቱ ነጠላ፣ ግሡ ብዙ። ዝቅ ብሎ ደግሞ ከአንድ ቃል አንዲት ፊደል ጎድላለች።

"ተሳስቷል" አልኩት።

"አውቃለሁ። ልኬላቸዋለሁ። አርባ ሦስተኛዬ ናት" አለኝ፤ በኩራት።

ነገሩን እንዲያብራራልኝ ጠየቅኩት። የጨዋታው ባለቤቶች ተጫዋቾቻቸውን ጋብዘዋል፤ የፊደል ግድፈት ወይም የሰዋስው ስሕተት ያገኘ ሁሉ ቦታውንና ትክክለኛውን ጽሑፍ ይልክላቸዋል። የተላከው ተመርምሮ ይታረማል። እርማቱ በርከት ሲልለት በጨዋታው ውስጥ ካለው ስሙ አጠገብ አንዲት የላባ ብዕር ሥዕል ትለጠፍለታለች። የእህቴ ልጅ ላባዋን አግኝቷል።

"ሌላስ?" አልኩት።

"ሌላ ምን?" አለኝ።

ቡናዬን አስቀመጥኩ። ኢንተርኔቱን የሚገዛው እናቱ ለምሳ ከምትሰጠው ገንዘብ ቆጥቦ ነው። ለጀግናው ጋሻና ፈረስ ሲያምረውም በገንዘብ ይገዛል። እንግዲህ ልጁ ለመጫወት ይከፍላል፤ ከፍሎም ይሠራል። እኔ በዕድሜዬ ሠርቶ ያልተከፈለው ሰው ብዙ አይቻለሁ። ለመሥራት የሚከፍል ሲያጋጥመኝ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው!

*

ይህ ነገር ለምን እንዲህ እንደከነከነኝ ልንገራችሁ። እኔ በዘመኔ አራሚ ነበርኩ። የፕሬስ ሕጉ በ1985 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ እንደ አሸን ከፈሉት መጽሔቶች በአንዱ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ በቀይ እስክሪብቶ እንጀራዬን በልቻለሁ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሁለት ሆነን እንቀመጣለን፤ አንዳችን የጸሐፊውን ረቂቅ ጮክ ብለን እናነባለን፣ ሌላችን በኮምፒዩተር የተለቀመውን በጣት እየተከተልን እናያለን። አርእስቱን ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ቃል በቃል እናነበዋለን። ምክንያቱም ዐይን አታላይ ነው፤ የሚያየው የተጻፈውን ሳይሆን የጠበቀውን ነው። ጸሐፊ የራሱን ግድፈት የማያገኘውም ለዚሁ ነው። ሐሳቡን ስለሚያውቀው፣ የጎደለችውን ፊደል አእምሮው ይሞላለታል።

በእኛ ፊደል ደግሞ አደጋው የበዛ ነው። "ፀሐይ ሠረቀች" ብሎ ጸሐፊው ንጋትን ይገልጻል። ለቃሚዋ በንጉሡ ሠ ፈንታ እሳቱን ሰ ከመታች ግን ፀሐይ የምትባል ሴት ሌባ ሆና ታድራለች! አንድ ጊዜ የነፍስን ድኅነት የሚመለከት ጽሑፍ አርእስቱ ላይ "ድህነት" ተብሎ አመለጠን። መጽሔቱ በወጣ በማግስቱ አንድ አዛውንት ካህን ስልክ ደውለው፣ "ልጆቼ፣ መዳኑን ብትከለክሉን እንኳ ለነፍሳችን ደግሞ ድህነት ትጨምሩባት?" አሉን። በዚያ ወር ከደመወዜ ተቆረጠ። አልተከራከርኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበርና።

የተከራከርኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ወረቀት ተወደደ፤ ማስታወቂያ ቀነሰ። ባለቤቱ ወጪ ሊቀንስ ሲነሣ መጀመሪያ ዐይኑ ያረፈው በእኔ ላይ ነበር። "ያለ አራሚ መጽሔት ይወጣል?" ብዬ ጠየቅኩት። የሰጠኝን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳውም። "አንባቢው ራሱ ያርመናል፤ ስልክ ቁጥራችን ጀርባው ላይ አለ" አለኝ።

የእህቴ ልጅ ላባ የተሰጠው በዚህ ዐረፍተ ነገር ነው። መጽሔትና ጨዋታ፣ አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ይለያዩ እንጂ ቃሉ አንድ ነው፦ አንባቢው ራሱ ያርመናል!

*

ቋንቋችን ማሳን ከአረም ለማጽዳትም ጽሑፍን ከግድፈት ለማጽዳትም አንድ ቃል ነው ያለው፤ ማረም። ስለዚህ ጥያቄውን በገበሬ ቋንቋ ብናነሣው ያምርልናል። የምናርመው የማንን ማሳ ነው?

ማረም ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ደቦ ነው። ዛሬ ያንተን ማሳ በአንድነት እናርማለን፤ ነገ የእኔን። ባለማሳው ጠላውን ጠምቆ፣ ንፍሮውን ቀቅሎ ይጠብቃል። እየዘፈንን ወርደን እየዘፈንን እንመለሳለን። ሁለተኛው ሁዳድ ነው። ሁዳድ የጌታ እርሻ ነው። ገበሬው በሬውንና ሞፈር ቀንበሩን ከቤቱ ይዞ ይሄዳል፤ ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል። ምርቱ ግን የሚገባው ከጌታ ጎተራ ነው። በሁዳድም ላይ ይዘፈን ነበር። መዘፈኑ ብቻ ሁዳዱን ደቦ አያደርገውም።

በኢንተርኔት ጨዋታም ሁለቱም ታይተዋል። ነገሩ የተጀመረው በደቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሮይ ትራብሾና ሪቻርድ ባርትል የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "ማድ" የተባለውን፣ ብዙ ሰው በአንድነት የሚገባበትን ጨዋታ ሠሩ። ሥዕል አልነበረውም። ዋሻው፣ በሩ፣ ሀብቱ ሁሉ የሚታየው በጽሑፍ ነው። እርሱን አይተው ሌሎች ተከተሉ። ከእነዚህ አንዱ በኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ዲኩማድ ነው። ዓለሙ በሙሉ ጽሑፍ ከሆነ የፊደል ግድፈት ማለት በግድግዳው ላይ ያለ ስንጥቅ ማለት ነው። ስለዚህ ሠሪዎቹ ለተጫዋቹ አንዲት ትእዛዝ ሰጡት። "ታይፖ" ብሎ ጽፎ ያየውን ግድፈት ካስከተለ መልእክቱ ከነቦታው መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ጊዜ ያገኘ ሰው ያርመዋል።

ታዲያ ይህ ለምን ደቦ ሆነ? የዲኩማድን የመጀመሪያ ፈቃድ ተመልከቱ። ማንም ሰው ጨዋታውን ወስዶ ማስኬድ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ግዴታ ነበረበት። አንደኛ፣ በጨዋታው ገንዘብ እንዳያተርፍበት። ሁለተኛ፣ ተጫዋቹ ሲገባ የሠሪዎቹ ስም እንዲታይ። ትርፍ አልነበረም፤ ስም ነበረ። አራሚውም፣ ሠሪውም፣ ተጫዋቹም በአንድ ማሳ ላይ እኩል ቆመው ነበር። እንዲህ ባለው ማሳ ላይ ማረም ክብር ነው። በአማርኛ ዊኪፔዲያ ላይ ማታ ማታ ቁጭ ብሎ የሰው ጽሑፍ የሚያርመውንም ሰው በዚሁ ወገን እቈጥረዋለሁ። እግዜር ይስጠው!

ቀጥሎ ግን ነጋዴው መጣ። ማሳውን አጠረ፤ በሩ ላይ ገንዘብ መቀበያ አቆመ። ደቦው ግን እንዳለ እንዲቀጥል ፈለገ። አሜሪካን ኦንላይን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የውይይት ክፍሎቹን የሚያስተናግዱና የሚቆጣጠሩ ከ10,000 በላይ በጎ ፈቃደኞች ነበሩት። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ. በ1999፣ "የሠራነው የሠራተኛ ሥራ ነው፤ የሠራተኛ ደመወዝ ይገባናል" ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ክርክሩ ከዐሥር ዓመት በላይ ተጓትቶ እ.ኤ.አ. በ2010 በ15 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የአልቲማ ኦንላይን ጨዋታ በጎ ፈቃደኞችም ተመሳሳይ አቤቱታ ይዘው አሜሪካ ፍርድ ቤት ቆመዋል። ዱኦሊንጎ የተባለው የቋንቋ ማስተማሪያ ብዙዎቹን ትምህርቶቹን ያዘጋጁለትና ያረሙለት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። በጎ ፈቃደኝነቱ እንዲያበቃ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ አክሲዮኑን ለገበያ ባቀረበበት በዚያው ዓመት። ጎተራው ሲሞላ የማሳው ነገር ያሳስባል ማለት ነው።

*

አሁን ተከራካሪዎቼን ላድምጥ። ብዙ ናቸው፤ የመጀመሪያው የእህቴ ልጅ ነው።

አንደኛው ክርክር "ጨዋታ እኮ ነው፤ አንዲት ፊደል ብትጎድል ማን ይሞታል?" የሚል ነው። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ፊደልን አያውቋትም። ቶአፕላን የተባለ የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ዜሮ ዊንግ የሚባል ጨዋታ ሠርቶ ነበር። ለአውሮፓ ገበያ በወጣው ቅጂ የጠላት አለቃ "ጦር ሰፈራችሁን ሁሉ ይዘናል" ሊል ፈልጎ፣ በእኛ ብንመስለው "ሰፈራችሁ ሁሉ የእኛ ናችሁ ሆነ" የሚያሰኝ ሰዋስው ተናገረ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1994 ከሰረ። ዓለም በዚያች ዐረፍተ ነገር እየተንከተከተ የሳቀው ግን ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 ነው። ኩባንያው አልፎ ግድፈቱ ቀረ። ከሥራው ሁሉ ብዙ ሰው የሚያውቅለት ያቺኑ ነው።

እርሱስ ሳቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤሊየንስ፦ ኮሎኒያል ማሪንስ የተባለ ጨዋታ ግን ከገጠሙት ነቀፌታዎች አንዱ "ጭራቆቹ ደነዝ ናቸው፤ ማጥቃት አያውቁም" የሚል ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ ተጫዋች የጨዋታውን ፋይል ሲበረብር በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ አንዲት ትርፍ ፊደል አገኘ። ፊደሏን ሰረዛት። ጭራቆቹ ወዲያው ነቁ! ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2018 በየዜናው ተወራ። አንዲት ፊደል የብዙ ሰው ድካም ዋጋ አሳጥታ ከርማለች። በደመወዝ የተቀመጠ አንድ ጥሩ አራሚ ቢኖር ኖሮ ምናልባት በመጀመሪያው ሳምንት ያገኛት ነበር። ያገኛት ግን ያልተከፈለው ሰው ነው። ፊደል ዋጋ እንዳላት ባለቤቶቹም ያውቃሉ። ባያውቁማ እርማቱን ባልለመኑ!

ሁለተኛው ክርክር "ወድደው ነው የሚሠሩት፤ ማን አስገደዳቸው?" የሚል ነው። እውነት ነው፤ አልተገደዱም። ግን ከመቼ ወዲህ ነው ሥራን መውደድ ደመወዝ የሚያስቀረው? እኔም የእርማት ሥራዬን እወድ ነበር። ሐኪሙ ማከም፣ አስተማሪውም ማስተማር ይወዳል። ጥያቄዬ ልጁ ወደደ አልወደደም አይደለም። ልጁ ባይወድ ኖሮ ባለቤቶቹ ያንን ሥራ ለማሠራት ሰው መቅጠር ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም? ነበረባቸው ከተባለ የልጁ ፍቅር ከአንድ ሰው ደመወዝ ላይ ተቀንሷል ማለት ነው። ያ ሰው ሩቅ አገር ያለ አራሚ ነው። አላውቀውም፤ ዕጣው ግን የእኔው ነው።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ የከበደኝ ነው፤ ያነሣውም ልጁ ራሱ ነው። "ጋሼ፣ እኔ እኮ እንግሊዝኛ የተማርኩት በዚህ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። አርባ ሦስት እርማት ለመላክ አርባ ሦስት ጊዜ መዝገበ ቃላት ገልጧል፤ ባለቤትና ግሥ ምን እንደሆኑ ከክፍሉ ይልቅ ከአስማተኛው ተምሯል። በትምህርት ቤት የሚያነበውን እየተጠራጠረ እንዲያነብ ማንም አላስተማረውም። ይህን አልክድም፤ ደስም ብሎኛል። ግን መልሼ ጠየቅኩት፦ "አንድ እንኳ ተሳስተህ የላክኸው የለም?" "አለ፤ አንዳንዱን ዝም ይሉታል" አለኝ። "ለምን እንደተሳሳትክ ነገሩህ?" "ኧረ፤ ማን ሊነግረኝ!" እንግዲህ ልብ በሉ። እኔ ስሳሳት አለቃዬ ይቆጣኝ ነበር፤ ቁጣውን ተከትሎ ግን ማብራሪያ ነበረ። የሚያስተምር ሰው መልስ ይሰጣል። መልስ የማይሰጥ ቤት ትምህርት ቤት አይደለም፤ ልጁ ያገኘው ዕውቀት የራሱ የትጋት ፍሬ እንጂ የእነርሱ ችሮታ አይደለም።

*

አራተኛው ክርክር የእኛው የራሳችን ነው። "ሌላው ቋንቋ ይቅር፤ አማርኛን ግን እኛ ካላረምነው ማን ያርመዋል?" ይላሉ። ይህን ስሰማ ልቤ ይከፈላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 አማርኛን በትርጉም አገልግሎቱ ውስጥ ሲያስገባ በጎ ፈቃደኞች በሰጡት ትርጉምና እርማት ታግዟል። ያን ያደረጉ ሰዎች ለቋንቋቸው ብለው ነው፤ አልነቅፋቸውም። አረብ አገር ያለችው እህታችን ከሐኪሟ ጋር በዚያ መሣሪያ ብትግባባ ከዚያ በላይ ምን ምርቃት አለ?

ሆኖም አንድ ነገር ላሳያችሁ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ የጨዋታ ጸሐፊ "እገሌ አሸነፈ" የሚለውን ዐረፍተ ነገር የሚሠራው ባዶ ቦታ ትቶ ነው። በባዶው ቦታ የማንም ስም ቢገባ ግሡ አይለወጥም። በአማርኛ ግን ስሙ አልማዝ ከሆነ "አልማዝ አሸነፈ" ይወጣል። አሸናፊዎቹ ሁለት ከሆኑም ያው "አሸነፈ"፤ አሸናፊው አንቱ የሚባሉ ሰው ቢሆኑም ያው "አሸነፈ"። ይባስ ብሎ "አልማዝ ከበደን መታች" ለማለት "ን" የምትለጠፈው በስሙ ላይ ነው። ባዶውን ቦታ ብቻ ለሚሞላ ማሽን ውጤቱ "አልማዝ ከበደ መታ" ነው። ማን ማንን መታ? ሁለት ሰዎች ተጋጭተው በሰዋስው ጥፋት የአንድ ሰው ስምና የአባት ስም ሆነው ቀሩ!

ይህን የትኛው በጎ ፈቃደኛ ያርመዋል? አንድ ሺህ ሰው አንድ ሺህ ጊዜ ቢልክ አይታረምም። ምክንያቱም ጥፋቱ ያለው በቃሉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ፣ ጨዋታው በተሠራበት መንገድ ላይ ነው። ይህን የሚያስተካክለው ገና ከጅምሩ ከሠሪዎቹ ጎን በደመወዝ የተቀመጠ፣ "ቆይ፣ በእኛ ቋንቋ ግሡ እንዲህ አይሄድም" ብሎ የሚከራከር ባለሙያ ነው። አረም የሚነቀለው በአግባቡ ከታረሰ ማሳ ላይ ነው። ያልታረሰ መሬት ላይ አራሚ ማሰማራት ጉልበት ማባከን ነው። በነጻ በሠራንላቸው ቁጥር ደግሞ ቋንቋችን ባለሙያ የማይቀጠርለት፣ "ልጆቹ ያርሙታል" የሚባልለት ቋንቋ ሆኖ ይቀራል። ለአማርኛ ያለን ፍቅር አማርኛን ርካሽ አያድርገው!

*

ስለዚህ ምን ይደረግ? ልጁን "ተው" አላልኩትም። የማረም ፍቅር በዚህ ዕድሜ የያዘውን ልጅ "ተው" ማለት ኃጢአት ነው። ያልኩት ይህን ነው። ከማረምህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። ምርቱ የሚገባው ከማን ጎተራ ነው? ስምህ በሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ውስጥ ይጻፋል ወይስ ላባ ለጥፈው ያሰናብቱሃል? ስትሳሳት የሚመልስልህ ሰው አለ? ለሦስቱም መልካም መልስ ካገኘህ ደቦ ነው፤ እየዘፈንክ ውረድ። ለሦስቱም መልስ ካጣህ ሁዳድ ነው። የሁዳድን ነገር ደግሞ አያትህን ጠይቃቸው፤ የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ለምን እልል እንዳሉ ይነግሩሃል።

ለባለቤቶችም፣ የጨዋታም ይሁን የመጽሔት፣ የምለው አጭር ነው። አንባቢ ግድፈት አግኝቶ ሲነግራችሁ ውለታ ነው፤ አመስግናችሁ ተቀበሉ። አራሚውን አሰናብታችሁ አንባቢውን ስትጠብቁ ግን ውለታውን ግብር አደረጋችሁት። አራሚ ቅጠሩ። መቅጠር ካቃታችሁ ለየእርማቱ ክፈሉ። መክፈል ካቃታችሁ ስም ጻፉ። ስም መጻፍ ካቃታችሁ ግን "ማኅበረሰባችን" እያላችሁ አትጥሩን፤ ጭሰኛ በሉንና እንተዋወቅ።

ይህን ጽሑፍ ለዝግጅት ክፍሉ ከመስጠቴ በፊት ለእህቴ ልጅ አስነበብኩት። የአማርኛ ንባቡ ከእንግሊዝኛው ቀርፋፋ ነው፤ ቢሆንም ሁለት ቀን ወስዶ ሦስት ግድፈት አገኘብኝ። አንዷ "ሠራተኛ"ን በእሳቱ ሰ የጻፍኩባት ናት። አራሚው እኔ! ለእያንዳንዷ ሃምሳ ሃምሳ ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። መጀመሪያ "ኧረ ጋሼ፣ በአንተማ አልቀበልም" ብሎ ተግደረደረ። ያንን መግደርደሩን ለእኔ ሳይሆን ለባለላባዎቹ እንዲያውለው መክሬ ብሩን ኪሱ ከተትኩለት።

ቸር እንሰንብት።